መድን ያለው ስንት ይከፍላል? የሌለውስ?

በዚህች ጋዜጣ ላይ ስለ ካፌው ወጥ፣ ስለ ውሃ መጥፋትና ስለ ፈተና ፕሮግራም መጣበብ ሳንታክት ጽፈናል። ስለ ትንፋሽ ግን ገና አልጻፍንም። አስም ያለባቸው ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ብዙውን ጊዜ የሚጨነቁት ሌሊትና ንጋት ላይ ነው፤ ጧት በሁለት ሰዓት ግን እንደ ማንኛችንም ደብተራቸውን ይዘው ክፍል ይገኛሉ። ቀን የማይታይ በሽታ በስብሰባ ላይ አጀንዳ ሆኖ አይቀርብም።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። የጤና መድን ያለው ሰው ለአስም መድኃኒት ስንት ይከፍላል? የሌለውስ? መልሱን ወደ መጨረሻ ገጽ ለማሳደር አንፈልግም። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም መደርደሪያ ላይ የተገኘ እንደሆነ መድን ያለው በደብተሩ ይወስዳል፤ የሌለው ከኪሱ ይከፍላል። መድኃኒቱ ከመደርደሪያው የጠፋ እንደሆነ ግን ሁለቱም በግል መድኃኒት ቤት መስኮት ፊት ቆመው እኩል ይከፍላሉ። እንዲያውም መድን ያለው የዓመቱን መዋጮ አስቀድሞ ስለ ሰጠ፣ እርሱ ሁለት ጊዜ ከፍሏል ማለት ነው።

የብሩን ቁጥር እዚህ የማናትመው ረስተን አይደለም። ኢንሄለር ከውጭ አገር የሚገባ ዕቃ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ ሁላችንም አይተናል። ዛሬ በስቴንስል የምንቀርጸው ዋጋ ቀለሙ ሳይደርቅ ሐሰት ሊሆን ይችላል። ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው መንገድ ሲሻገሩም ይለያያል። ቁጥር ከተፈለገ፣ የማይለዋወጠውን ቁጥር እንስጥ።

ብዙዎቻችን «ፓፍ» የምንለው የሳልቡታሞል ኢንሄለር 200 ጊዜ ይነፋል። አንድ ጊዜ ሲነፋ የሚወጣው መድኃኒት 100 ማይክሮግራም ነው። ሁሉም ሲደመር 20 ሚሊግራም ይሆናል። የሳልቡታሞል ክኒን ደግሞ ባለ 4 ሚሊግራም አለ። እንግዲህ በአንዲቱ ጣሳ ውስጥ ያለው መድኃኒት በጠቅላላው የአምስት ክኒን ያህል ብቻ ነው! ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ለጣሳዋ፣ ለመክፈቻዋ፣ መድኃኒቱን ለሚገፋው ጋዝ፣ ለማጓጓዣውና በመንገድ ላይ እጁን ለዘረጋ ነጋዴ ሁሉ ነው እንጂ ለመድኃኒቱ ለራሱ አይደለም።

«እንዲህ ከሆነ ክኒኑን መዋጥ ነዋ!» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። በእርግጥ ብዙ ሰው የሚውጠው ክኒኑን ነው፤ ርካሽ ነውና። ነገር ግን አንዱን ባለ 4 ሚሊግራም ክኒን የዋጠ ሰው 40 ጊዜ የተነፋ ያህል መድኃኒት በሆዱ በኩል ወደ መላ ሰውነቱ ልኳል። ለሳንባው የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። በፈተና አዳራሽ እስክሪብቶው በእጁ ላይ የሚንቀጠቀጥበትን ተማሪ አይቶ «ሳያጠና መጥቶ ነው» ብሎ የፈረደ ቢኖር ፍርዱን ያንሣ።

ኢንሄለር ትናንት የተፈጠረ ጥበብ ቢሆን ኖሮ ውድነቱን በትዕግሥት እናልፈው ነበር። የመጀመሪያው ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ነው። ሪከር የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ኃላፊ ጆርጅ ሜይሰን አስም ያለባት ሴት ልጅ ነበረችው፤ መድኃኒቷ እንደ ፀጉር ስፕሬይ በጣሳ ለምን እንደማይዘጋጅ ጠየቀችው፤ ሥራውም ከዚያ ጥያቄ ተነሣ ይባላል። ሳልቡታሞል እ.ኤ.አ. በ1969፣ ቤክሎሜታዞን የተባለው ደግሞ በ1972 በእንግሊዝ አገር ተከተሉ። ሁለቱም ዕድሜአቸው ከወላጆቻችን ዕድሜ ጋር የሚተካከል ነው። የመድኃኒቶቹ የመጀመሪያ ፓተንት ካለቀ ቆይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ሁለቱን መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ አስገብቷቸዋል።

ስለ ሁለተኛው፣ ስለ ቤክሎሜታዞን፣ ጥቂት እንቆይ፤ የጉዳዩ ዋና እርሱ ነውና። ቆጮ የሚጋገርበትን ቤት የሚያውቅ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ቤቱ በጭስ ሲታፈን በር ብንከፍት ለጊዜው እንተነፍሳለን፤ ምድጃው ላይ ያለው እርጥብ እንጨት እስካለ ድረስ ግን ጭሱ አይቆምም። ሳልቡታሞል በር ከፋች ነው። የጠበበውን የአየር ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፤ በቧንቧው ግድግዳ ላይ ያለውን ብግነት ግን አያበርድም። ያን የሚያበርደው በየቀኑ ሕመም ባይኖርም እንኳ የሚሳበው ቤክሎሜታዞንን የመሰለ መድኃኒት ነው። የዓለም የአስም ሐኪሞች ጉባኤ የሚያወጣው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 በግልጽ እንደ ደነገገው፣ ወጣቶችና ዐዋቂዎች በሳልቡታሞል ብቻ መታከም የለባቸውም፤ በር ከፋቹን ብቻ ይዞ የሚኖር ሰው በድንገት ለሚነሣ ብርቱ ሕመም፣ ብሎም ለሞት፣ የተጋለጠ ነውና።

ሒሳቡም እነሆ። ሐኪም ጧት ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሁለት ጊዜ እንዲሳብ ካዘዘ፣ ባለ 200ው ጣሳ በ50 ቀን ያልቃል። በዓመት ሰባት ጣሳ ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ይጎድለዋል። ሳልቡታሞሉን አንድ ሌሊት ተሯሩጦ፣ ተበድሮ፣ ለምኖም ቢሆን መግዛት ይቻላል። በዓመት ሰባት ጊዜ የሚለምን ተማሪ ግን አናውቅም። ዝም ብሎ ይተወዋል። «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» የሚለው ወሬም ለዚህ መተው ጥሩ ሽፋን ሆኖ ያገለግላል። ሱስ እንደማያስይዝ የጤና ሳይንስ ተማሪዎቻችን ለዶርም ጓደኞቻቸው ቢያስረዱ ደስ ይለናል።

አሁን ወደ መድኑ እንምጣ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገራችን የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል በተመረጡ 13 ወረዳዎች ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ መቶ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። የታሰበው ደመወዝተኛ ላልሆነው ገበሬና ነጋዴ ነው፤ ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፣ መክፈል ለማይችለው ድኻ መንግሥት ይከፍልለታል፣ አባሉም ውል ባለው የጤና ተቋም በደብተሩ ይታከማል። ይህን ሥራ ለማጣጣል አልተነሣንም። በሬ ሸጦ ይታከም የነበረ ገበሬ በሬውን ይዞ እንዲቀር አድርጓል። መዋጮ ምን ማለት እንደሆነም ለዚህ አገር ሕዝብ የሚያስተምር አያስፈልግም፤ የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ ከመርካቶ ሱቅ እስከ ገጠር መንደር ገንዘብ እያሰባሰበ መንገዱን ያሠራ ሕዝብ ነው። ነገር ግን ያ ሕዝብ ሲያዋጣ መንገዱን በዐይኑ ያይ ነበር።

የመድኑ ደብተር በእኛ በተማሪዎች ላይ የሚያደርሰውን እንመልከት። በቤተሰቡ ደብተር ላይ የሚመዘገቡት ወላጆችና ዕድሜአቸው 18 ያልሞላ ልጆች ናቸው። ለሌላው፣ ተጨማሪ መዋጮ ካልተከፈለ በቀር፣ ቦታ የለውም። አንድ ልጅ 18 ዓመት ሞልቶት፣ ማትሪክ አልፎ፣ ጉብሬ ሲደርስ ከአባቱ ደብተር ወጥቷል ማለት ነው። ቢኖርበትም እንኳ ደብተሩ የሚያገለግለው ወረዳው ውል በገባባቸው ተቋማት ነው፤ ከጤና ጣቢያም ሪፈር አጽፎ መሄድ አለበት። ከዚህ ተነሥቶ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቱ ወረዳ ሄዶ ሪፈር የሚያጽፍ ተማሪ ቢኖር እኛም ልንተዋወቀው እንወዳለን!

መምህሮቻችንም ቢሆኑ ከእኛ የተሻለ ዕድል አልገጠማቸውም። ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከታወጀ በኋላ ከዐሥር ዓመት በላይ ሥራ ላይ ሳይውል ሲንከባለል ኖሯል።

አንድ ነገር እንንገራችሁ። ባለፈው በጋ፣ አቧራው በበረታበት ሰሞን፣ ከዶርማችን አንድ ወንድማችን በሌሊት ትንፋሽ አጠረው። ቁጭ ብሎ ሁለት እጁን በጉልበቱ ላይ ተክሎ ነበር፤ መናገር አልቻለም፣ ስሙን ስንጠይቀው ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ከየአልጋው ተነሥተን ያለንን አዋጣን፤ ባጃጅ ተፈለገ፤ ወደ አንድ የጤና ተቋም ወሰድነው። ሠራተኞቹ ፈጥነው በጭንብል መድኃኒቱን ሰጡት፤ ሲነጋ ተሽሎት ተቀመጠ። ሐኪሟ በወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ጻፉለት፤ አንዱ ሳልቡታሞል፣ ሁለተኛው ቤክሎሜታዞን። በመድኃኒት መስጫው መስኮት «ሁለተኛው የለም፣ ከውጭ ግዙ» ተባልን። በከተማው መድኃኒት ቤቶች ስንዞር ሁለተኛው ተገኘ፤ የሁለቱ ዋጋ ሲደመር ግን በእጃችን ከቀረው መዋጮ በለጠ። በር ከፋቹን ገዝተን ተመለስን።

ወንድማችን ለአባቱ ስልክ ደወለ። አባቱ ገበሬ ናቸው። «ልጄ፣ መድን ከፍለን የለም እንዴ?» አሉት። «አዎ አባዬ፣ የእኔ ስም ግን አሁን የለበትም» አላቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ቢኖርበትስ ይሰጡህ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ልጁ መልስ አልነበረውም። እኛ ግን ነገሩን ተከታትለን መልሱን አግኝተናል፤ አይሰጡትም ነበር። የሌለ ነገር በደብተር አይወሰድም።

ለምን እንደሌለ ማወቅ ያስፈልጋል። ነገሩ የአንድ ሰው ክፋት አይደለም፤ እንዲያውም ክፉ ሰው ቢኖርበት ኖሮ ሥራው በቀለለን ነበር። የመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒት የሚያገኙት በዋናነት ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። በየሁለት ወሩ በፎርም ሪፖርት ያደርጋሉ፤ ይህን ያህል ነበረን፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ላኩልን ይላሉ። የሚጠየቀው መጠን የሚሰላው ቀደም ሲል በወጣው መጠን ነው። እንግዲህ ባለፉት ወራት በመደርደሪያው ላይ ያልነበረ መድኃኒት ስንት ወጣ ተብሎ ይጻፋል? ዜሮ። ለሚመጣውስ ስንት ይጠየቃል? ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ። ያልተጠየቀው አይመጣም፤ ያልመጣው አይወጣም፤ ያልወጣው እንደ ገና አይጠየቅም። ሐኪሙም መስኮቱ ላይ እንደሌለ ሲያውቅ መጻፉን ይተዋል፤ ያን ጊዜ በወረቀት ላይ ሲታይ በአገሩ ቤክሎሜታዞን የሚፈልግ ሰው የለም! ሳልቡታሞል እንኳ ከዚህ የተሻለ ነው፤ በድንገተኛ ክፍል ስለሚፈለግ ስሙ ከፎርሙ አይጠፋም።

ይህ አዙሪት በሌሎች በሽታዎች ላይ ተሰብሯል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ለማንም ሰው፣ መድን ይኑረው አይኑረው፣ በነጻ ይሰጣል። እንደዚያም መሆኑ ትክክል ነው፤ ሳሉ ወደ ጎረቤት ይተላለፋልና። አስም ግን አይተላለፍም። የሚያስቸግረው ባለቤቱን ብቻ ስለሆነ እንደ ግል ጉዳዩ ተቆጠረ። እኛ የነቀርሳው ነጻ መድኃኒት ይቀነስ አንልም፤ ለአንድ ሳንባ የተገኘ ብልሃት ለሌላው ሳንባ እንዴት ጠፋ እንላለን እንጂ።

ደግሞም ስለ እኛ አገር አስም የሚያውቅ የለም ሊባል አይችልም። ከጉራጌ ተራሮች ማዶ፣ ዛሬ ምሥራቅ ጉራጌ ዞን በሚባለው ቡታጅራ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የገጠር ጤና ጥናት ሲያካሂድ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዚያው በቡታጅራ አንድ ሺህ ያህል እናቶች ከእርግዝናቸው ጊዜ አንሥቶ ተመዝግበው፣ የወለዷቸው ልጆች ደረታቸው ያፏጭ እንደሆነ በየጊዜው ተጠይቀዋል። በሕፃንነታቸው ፓራሲታሞል የተሰጣቸው ልጆች ላይ ማፏጨቱ በርከት ብሎ መታየቱ በዓለም የሳንባ ሐኪሞች መጽሔት ታትሟል፤ ፓራሲታሞሉ ራሱ መንሥኤ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ግን ዛሬም ያከራክራል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1997 በጂማ ከተማና በዙሪያው ገጠር የተደረገው ጥናት፣ አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አሳይቶ ላንሴት በተባለው መጽሔት ወጥቷል። የእነዚህን ጥናቶች ጥቅም አንክድም። ነገር ግን የቡታጅራ ሕፃን ደረት ማፏጨቱ ለንደን ድረስ ከተሰማ፣ ከደሴና ከጂማ፣ ከሆሳዕናና ከወልቂጤ መድኃኒት መስጫ መስኮቶች ላይ ሊሰማ የማይችልበት ምክንያት አይታየንም።

በባሕር ማዶም ነገሩ ሁሉ ያማረ እንዳይመስለን። ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ በሻንጣው ኢንሄለር ይዞ እንዲመጣ የሚላክበት ሁሉ ይህን ይወቅ፤ በዚያች ባለጸጋ አገርም መድን ያለውና የሌለው በመድኃኒት ቤት መስኮት ፊት ሲለያዩ ኖረዋል። ጋዙ የሰማዩን ኦዞን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ አሮጌዎቹ የሳልቡታሞል ኢንሄለሮች ሲከለከሉ፣ አዲስ ጋዝና አዲስ ፓተንት ያላቸው ተተኩ፤ ዋጋውም ወደ ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 ግን የሴኔቱ የጤና ኮሚቴ ኩባንያዎቹን በአደባባይ ከጠየቀ በኋላ፣ ቦሪንገር ኢንግልሃይም፣ አስትራዜኔካና ጂ.ኤስ.ኬ. ከበሽተኛው ኪስ የሚወጣው በወር ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ እንደሚያደርጉ አስታወቁ። ጣሳዋ ያችው ጣሳ ነበረች፤ የተለወጠው የጩኸቱ መጠን ነው።

ከአባሎቻችን መካከል «ይህ የጥቂት በሽተኞች ጉዳይ ነው፤ ኅብረቱ የሁሉንም ጉዳይ ይያዝ» የሚሉ እንዳሉ እናውቃለን። እነዚህ ወንድሞች ቁጥሩን ከየት አገኙት? በዶርማቸው ውስጥ ሌሊት ቁጭ ብሎ የሚያነጋውን ቆጥረውታል? ካልተቆጠረ ጥቂት ይሁን ብዙ መናገር አይቻልም፤ እንዲህ ያለው አነጋገር ያው ከላይ ያየነው የዜሮ ፎርም ነው። ምግብና መኝታችንን ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን በወጪ መጋራት ውል ፈርመን ተቀብለናል። ስንመረቅ የምንከፍል ሰዎች ነን። እስክንመረቅ መተንፈስ እንፈልጋለን ማለት ልመና አይደለም።

እንግዲህ ኅብረቱ በሚመጣው ሳምንት እንዲሠራ የምንጠይቀው ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ አስም ያለበት ተማሪ ሁሉ በሐኪም ዘንድ ይመዝገብ፤ ስሙ በሐኪሙ መዝገብ ብቻ ይቀመጥ፣ ለእኛ የሚሰጠው ቁጥሩ ይሁን። ያን ቁጥር ይዘን፣ የሚከላከለው መድኃኒት በሚቀጥለው የሁለት ወር ጥያቄ ውስጥ በቁጥር እንዲገባ በደብዳቤ እናመልክታለን። በፎርሙ ላይ ከዜሮ ሌላ አንድ ቁጥር ከተጻፈ አዙሪቱ ያን ቀን መሰንጠቅ ይጀምራል። ለጤና መድን አገልግሎትም፣ በትምህርት ላይ ያለ ልጅ እስኪመረቅ ድረስ በወላጁ ደብተር ላይ እንዲቆይና በሚማርበት ከተማ እንዲታከም የሚጠይቅ ደብዳቤ ይጻፍ። ፊርማውን እኛ እናሰባስባለን።

ሌላው ሥራ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ዶርም ሲጠረግ ውሃ ይረጭ፤ ደረቅ አቧራ በመጥረጊያ የሚያነሣ ሰው በጓደኛው ሳንባ ላይ እየጠረገ ነው። በየሕንጻው ፕሮክተር ዘንድ አንድ ሳልቡታሞል ከአንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ጋር ይቀመጥ። ስለ ጠርሙሱ የምንናገረው ቀልድ አይደለም። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ጣሳዋን ከመሳቡ ጋር ማስተካከል ስለሚቸግረው፣ መድኃኒቱ መጀመሪያ በመያዣ ውስጥ ተነፍቶ ከዚያ ቢሳብ በደንብ ወደ ሳንባው ይገባል። የሚሸጠው መያዣ ውድ ነው፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1999 በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን የሕፃናት ሐኪሞች ባለ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ በልክ ተበስቶና ተለጥፎ በልጆች ላይ ከሚሸጠው የማያንስ ሥራ እንደሚሠራ አሳይተዋል። ጠርሙሱ በቂጡ በኩል በኢንሄለሩ አፍ ልክ ይበሳል፤ ኢንሄለሩ በቀዳዳው ይገባል፣ ዙሪያው ይታሸጋል፤ በሽተኛው በጠርሙሱ አንገት በኩል አፉን ገጥሞ ይተነፍሳል።

የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በኅብረቱ ቢሮ ጠርሙሱን እንዴት እንደሚያዘጋጁት ያሳያሉ። ለመጀመሪያዎቹ ጣሳዎች መግዣ የሚዋጣውን ገንዘብ ያዡ በደረሰኝ ይቀበላል። ባዶ ጠርሙስ ያላችሁ አጥባችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የሚፈለገው ባለ ግማሽ ሊትሩ ነው፣ ትልቁን አታምጡ።